ሌባ አያጎድልም

ቡታጅራ ውስጥ ከእትዬ ከድጄ የበለጠ የሚጠረጥር ሰው አለ የሚል ይምጣና ይሟገተኝ። «እንዴት አደሩ?» ስላቸው እንኳን አልሐምዱሊላህ ከማለታቸው በፊት ፊቴን ያጠኑታል። «ምነው? ምን ሰምተሽ ነው?» ይሉኛል። ስድስት ዓመት ጎረቤታቸው ሆኛለሁ፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ምንም አልሰማሁም እያልኩ ሳስረዳ ኖሬያለሁ።

የበርበሬ ነጋዴ ናቸው። ገበሬው ዛላ በርበሬውን በማዳበሪያ ጭኖ ሲመጣ ከማዳበሪያው አፍ ላይ ያለውን ዞር ብለው አያዩትም። እጅጌያቸውን ይሰበስቡና ክንዳቸውን እስከ ብብታቸው ከተው ከሥር አንድ እፍኝ ያወጣሉ። ከዚያ አንዷን ዛላ ጆሯቸው ሥር ይዘው ይነቀንቋታል። ፍሬዋ ከተንሿሿ ደርቃለች፤ ዝም ካለች ሚዛን እንድትደፋ ውኃ ተርከፍክፎባታል ማለት ነው። «የላዩ ለዓይን ነው የተሠራው» ይላሉ። «እውነቱን ከፈለግሽ ከሥር ነው።» ሠላሳ ዓመት እንዲህ ነግደው አንድ ጊዜ እንኳን ተታለሉ ሲባል አልሰማሁም።

ከሞቱ ስምንት ዓመት የሆናቸው ባላቸው ጋሽ ኡበይድ ደግሞ የሳቸው ተቃራኒ ነበሩ ይባላል። «እሱ አምኖ ያስገባውን እኔ ጠርጥሬ ሳስወጣ ነው ዕድሜያችን ያለቀው» ይላሉ እትዬ ከድጄ፣ እየሳቁም እያዘኑም። ጋሽ ኡበይድ ጥብቅ የሚሆኑት በአንድ ነገር ብቻ ነበር አሉ። ልጅ የሆነ ሁሉ ሰባት አባቶቹን በቃሉ ሳይቆጥር እሳቸው ፊት ማለፍ አይችልም። በኛም በክስታኔ ጉራጌዎቹ ዘንድ ያው ነው፤ አገራችን እንግዳን ስሙን ጠይቆ አይለቅም፣ የማን ልጅ እንደሆነ አያት ቅድመ አያት እያለ ይወርዳል።

እኔ ትርሲት እባላለሁ። የጥያ ልጅ ነኝ፤ እዚህ ቡታጅራ ከበርበሬ መጋዘናቸው ጋር በአንድ ግድግዳ የሚለያይ የሞባይል ቤት አለኝ። ቻርጀር እሸጣለሁ፣ የተሰበረ ስክሪን እቀይራለሁ፣ ቴሌግራም መክፈት ላቃተው እከፍታለሁ። በር ላይ ያልለጠፍኩት ሌላ ሥራም አለኝ፤ ቁጥር አከራያለሁ።

ይህን የማያውቅ ሰው ካለ ላስረዳ። ቴሌግራምም ሆነ ፌስቡክ ስትከፍቱ ስልክ ቁጥር ይጠይቃችኋል። በዚያ ቁጥር ኮድ ይልክላችሁና ኮዱን ስታስገቡ በሩ ይከፈታል። በገዛ ቁጥሩ መግባት ያልፈለገ ሰው እኔ ጋ ይመጣል። ከኢንተርኔት ላይ ሲም ካርድ የሌለው፣ ቀፎ የሌለው፣ እንዲያው ቁጥር ብቻ የሆነ ቁጥር እከራይለታለሁ። ኮዱ እኔ ስክሪን ላይ ይመጣል፤ አስገባለታለሁ፤ ሰውዬው ቡታጅራ አስፋልት ላይ ቆሞ የእንግሊዝ ሰው ይሆናል። ከጥቂት ቀን በኋላ ያው ቁጥር ለሌላ ሰው ይከራያል።

ደንበኞቼን ለምን እንደሆነ አልጠይቅም ነበር፤ ዓይን ግን አለኝ። ባጃጅ የሚነዳው ዮሲ በሴት ስም ገብቶ እጮኛውን ሊሰልል ነው የመጣው። ሚስቱን ሚዜ ሆኜ የዳርኳት አንድ ሰው ሁለተኛ ቴሌግራም ከፍቶ ወጥቷል፤ ያን ቀን ምላሴን ነክሼ ዋልኩ። በኢንተርኔት ሥራ የሚሠራው ሱራፌል «የምሠራበት ድረ ገጽ የኛን አገር ቁጥር አይቀበልም» ሲለኝ እሱንም አላመንኩትም። እውነቱን ነበር። እኔ ግን በዚያን ጊዜ የኪራይ ቁጥር የያዘ ሁሉ አንድ የሚደብቀው ነገር አለ ብዬ ደምድሜ ነበር። ይህን የምናገረው ወድጄ አይደለም።

እትዬ ከድጄ አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ ናጃህ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የወልቂጤ ደላላ መጥቶ ዓረብ አገር ልላካት አለ። እናትዬው ሦስት ወር ሙሉ እምቢ አሉ። ደላላውን ቤታቸው አስቀምጠው የማን ልጅ እንደሆነ እስከ አምስተኛ አባቱ አወረዱት፤ ሰውዬው ሳይደናቀፍ ቆጠረ። ልጅቷ ለቅሶ ስታበዛ ተረቱ። አረንጓዴ የቆርቆሮ ሳጥናቸውን ከአልጋ ሥር አውጥተው ወረቀቷን ሰጡት።

ናጃህ በሄደች በዓመቷ ስልክ ላከችላቸው። ቴሌግራሙን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ በገዛ ቁጥራቸው፣ ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ። «ቁጥሬን ወስደው ምን ሊያደርጉበት ነው?» ብለው ግማሽ ቀን አደረቁኝ። ስልኩን ከበርበሬ አቧራ ለመከላከል በፌስታል ጠቅልለው ነው የሚይዙት፤ በፌስታሉ ላይ እየነኩ ይጠቀሙበታል። ልጅቷ አርብ አርብ ከጁምዓ በኋላ ትደውል ነበር። አሰሪዋ ስልክ የምትፈቅድላት ያን ሰዓት ብቻ ነው።

መስከረም ላይ አንድ አርብ ሳትደውል ቀረች። ቀጣዩም አርብ አለፈ። ጥቅምት ሙሉ ዝም። ቁጥሯ ላይ ስንደውል አገልግሎት ላይ የለም ይላል። እትዬ ከድጄ ማንም ፊት አላለቀሱም፤ ግን ገበሬዎቹ ያመጡትን ዛላ ጆሯቸው ሥር ይዘው ሲነቀንቁ ቆይተው «ምን አለች?» ብለው እኔን ጠየቁኝ።

ኅዳር ውስጥ አንድ ረፋድ ላይ ፌስታሉን ይዘው እየሮጡ ገቡ። ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም። «አንብቢልኝ! አንብቢልኝ!»

«ኡሚ፣ እኔ ነኝ ናጃህ። ስልኬን ወስደውብኛል። መልሺልኝ» ይላል። ፎቶ የለውም። ቁጥሩ አርባ ስምንት ብሎ ይጀምራል።

«ይሄ የት አገር ነው?» አሉኝ።

«ፖላንድ።»

«ፖላንድ ዓረብ አገር ነው?»

«አይደለም፣ አውሮፓ ነው።» ከዚያ፣ አፌን በቆረጠው፣ የማውቀውን ሁሉ ዘረገፍኩት። «እትዬ፣ ይሄ የኪራይ ቁጥር ነው። እኔ ራሴ የማከራየው ዓይነት። ሰው የለውም።»

«እንዲህ ያለ ቁጥር የሚከራየው ማን ነው?»

«ውሸታም» አልኩ። አንድ ጊዜ እንኳን ሳላስብ።

ይህ እንዲያው ከሜዳ የመጣ አልነበረም። ባለፈው ዓመት ከፊት ለፊታችን ጨርቅ የሚሸጠው ሀቢቡ፣ ወንድሙ መስሎት ለማያውቀው ሰው የመግቢያ ኮዱን ሰጥቶ ቴሌግራሙን ተነጠቀ። ሌባው በሀቢቡ ስም ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ «የመታወቂያችሁን ፎቶ ላኩልኝ» እያለ ሲጽፍ ከረመ። ያን ጊዜ ያልላኩት እትዬ ከድጄ ብቻ ነበሩ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያሉ አንድ ወር ሙሉ በሀቢቡ ሱቅ በር ተመላለሱ፤ ሀቢቡ ሲያያቸው መጋረጃ ይዘጋ ነበር።

ስለዚህ «ብሎክ አድርጊልኝ» አሉኝ፤ አደረግኩ። ጣቴን አሳርፌ ለማንሳት የፈጀብኝ ጊዜ ዝንብ እሽ ከማለት አይበልጥም።

ታኅሣሥ ላይ ሁለተኛው መጣ፤ ይሄኛው ስድሳ ሁለት ብሎ የሚጀምር የኢንዶኔዥያ ነው። ጽሑፉ ረዘም ይላል። ከአሰሪዎቿ ቤት ወጥታ የአገሯ ልጆች ያሉበት መጠለያ እንደገባች፣ ፓስፖርቷ አሰሪዎቿ ጋ እንደቀረ፣ ወደ አገር ለመግባት ሊሴ ፓሴ የሚባለውን ወረቀት ማውጣት እንዳለባት ይናገራል። ለዚያም የፓስፖርቷ ኮፒ እና የእናቷ መታወቂያ ፎቶ ያስፈልጋል። «ኮፒው አረንጓዴው ሳጥን ውስጥ ነው ኡሚ፣ ከአልጋው ሥር» ይላል።

እትዬ ከድጄ ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። እኔ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው አያውቁም ነበር።

«ሳጥኑን ያውቃል» አሉ። «ያ ረቢ፣ ሳጥኔን ያውቃል።»

«ሳጥኑን ከናጃህ ሌላ ማን አይቶታል?»

 ቀስ ብለው «ደላላው» አሉ። «ወረቀቷን ሳወጣ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር።»

በነጋታው ሱቄን ዘግቼ አብሬያቸው ወልቂጤ ሄድኩ። ሚኒባሱ በደጋው በአረቅጥ በኩል ሲወጣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እሳቸው ግን ነጠላቸውን እንኳን አላጠበቁም። የደላላውን ቢሮ አንድ ጊዜ ያዩት ቦታ ላይ አገኙት፤ አሁን ጁስ ቤት ሆኗል። አቮካዶ የምትልጠው ልጅ «ሰውዬው ከለቀቀ ቆየ፣ የት እንደሄደ አናውቅም» አለችን። ያጠፋው ነገር ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ቢሮ የሚቀይር ሰው ሁሉ ሌባ አይደለም። ያን ቀን ግን ሁለታችንም ፈረድንበት። ስንመለስ እትዬ ከድጄ መስኮቱን እያዩ «ይኸው ሸሽቷል። የሚጽፍልኝ እሱ ነው» አሉ። «እሱ ነው» አልኩ እኔም። ኢንዶኔዥያንም ብሎክ አደረግናት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ክፉ ነበሩ። ሴትዮዋ መጠርጠራቸውን ሳያቆሙ ተስፋ ማድረግ ጀመሩ፤ ሁለቱ አንድ ሰው ውስጥ ሲሆኑ ሰውን ይበላሉ። በግድግዳው ቀዳዳ ይጠሩኝና «ያቺ ብሎክ ያደረግሻት፣ አሁንም ትጽፍ ይሆን?» ይሉኛል።

«ብትጽፍም አይደርሰንም እትዬ።»

«እና እውነተኛ ብትሆን በምን እናውቃለን?»

ወደ ያዝኩት ስክሪን እመለሳለሁ። አንድ ቀን ሚዛናቸው ላይ በርበሬ እንደተጫነ ተዉትና «ትርሲት፣ ልጄ ሞታ ይሆን?» አሉኝ። «ኧረ አይባልም!» ብዬ ጮህኩባቸው። የጮህኩት እኔም ስለማስበው ነው።

ጥር አጋማሽ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ሦስተኛው መጣ። የየት አገር ቁጥር እንደሆነ ማየት ሰልችቶኝ ነበር። «ኡሚ፣ ወደ አገር የሚመለሱት ስም ዝርዝር ሐሙስ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚከፈት ማንም አያውቅም። በአላህ ይዤሻለሁ» ይላል። ገና አንብቤ ሳልጨርስ በዚያው ቁጥር ተደወለ። ድምፁ ይቆራረጣል፤ «ኡሚ... ኡሚ...» ይላል፣ ከዚያ ለቅሶ። የናጃህ ድምፅ ነው። እኔም አወቅኩት። እትዬ ከድጄ ስልኩን ነጥቀውኝ ዘጉት።

«ምነው ዘጉት!»

«ድምፅም ይሰረቃል ተብሏል። መስጊድ ውስጥ አስጠንቅቀውናል፤ መሣሪያ አለ፣ የሰው ድምፅ ይቀዳል። አንቺስ ራስሽ አላልሽኝም?»

ብያለሁ። በማላውቀው ሁሉ አዋቂ ነኝ። «በምስል ትደውል» አልኩና ጻፍኩላት። በምስል ደወለች። ካሜራው የተሰነጠቀ ስልክ ነው መሰል፣ ኔትወርኩም ደካማ ነው፤ ግማሽ ግንባርና ጥቁር ሻርፕ ታይቶ ቀጥ አለ።

«ግንባር ማን የሌለው አለ?» አሉ እትዬ ከድጄ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

በዚያ መካከል ጽሑፍ ገባ፦ «ስልኩ የጋራ ነው፣ ተራ እየጠበቁብኝ ነው፣ ቶሎ በይ።»

«ይኸው፣ ያጣድፋል» አልኩ። «ሌባ እንዲህ ነው፣ እንድናስብ ጊዜ አይሰጥም።» ተራ የሚጠብቁ ሴቶች በእርግጥ ከኋላዋ ቆመው ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

እትዬ ከድጄ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ክንዳቸውን ማዳበሪያ ውስጥ ሲከቱ የሚሆኑትን ሆኑ፤ ፊታቸው ሌላ ቦታ፣ እጃቸው ሌላ ቦታ። «ጻፊላት» አሉኝ። «አባቶችሽን ቁጠሪ በያት።»

ከመጻፌ በፊት እንዳልታለል ብዬ «ለኔ አስቀድመው ይንገሩኝ፣ ላመሳክር» አልኳቸው። የቻርጀር ካርቶን ጀርባ ላይ እሳቸው እንዳሉኝ ጻፍኩ፦ ኡበይድ፣ ሸምሱ፣ ኑሪ፣ ደልጋ፣ ቢረዳ፣ ሰብሮ፣ ወልቃማ። ሰባት። ከዚያ ጥያቄውን ላክሁ።

መልሱ ወዲያው መጣ። ከካርቶኑ ጋር እያየሁ ጮክ ብዬ አነበብኩ። «ናጃህ ኡበይድ ሸምሱ ኑሪ ደልጋ ሰብሮ ወልቃማ።»

ደግሜ ቆጠርኩ። ስድስት።

«ያዝነው!» አልኩ ከወንበሬ ተነስቼ። «ስድስት ነው እትዬ! ቢረዳ የለም! ከሰው ለቃቅሞ ነው፣ ሳያሟላ ቀረ!» ደስ አለኝ፤ አዎ፣ ደስ አለኝ፣ ልክ ነበርኩ ብዬ። አውራ ጣቴ ብሎክ የሚለው ላይ ሊያርፍ ሲል እጄን በሁለት እጃቸው ለቀም አደረጉኝ። የበርበሬ እጅ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ያቃጥላል።

«ተይ! ልጄ ናት!»

«እንዴ፣ ተሳስታለች እኮ!»

«ሁሌም ትሳሳታለች!» ጮኹ። እንባቸው ወርዶ ነበር። «ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ደልጋ ላይ ስትደርስ ቢረዳን ዘላ ሰብሮ ጋ ነው የምትወርደው። ኡበይድ ‹ቢረዳን የት ጣልሽው?› እያለ ስንቴ መልሷታል! ተቆጥቷት፣ ለምኗት፣ ከረሜላ ገዝቶላት አልሆነም። ደላላው ቢሆን ከዘመድ ጠይቆ ሰባቱንም ደርድሮ ያመጣው ነበር። ሌባ አያጎድልም፣ ትርሲት! ሌባማ አሟልቶ ነው የሚመጣው!»

ቤታቸው ሄደው ሳጥኑን እንዳለ ተሸክመው መጡ፤ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አስረውት ነበር። ኮፒውንና መታወቂያቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘርግቼ አራት ጊዜ ፎቶ አነሳሁ። ላክሁ። ማታ ላይ «ደረሰኝ» የሚል አንድ ቃል መጣ፤ ከዚያ ዝም አለ። ቅዳሜ ያው ቁጥር በማናውቀው ቋንቋ የማናውቀውን ነገር ጻፈልን። ለሌላ ሰው ተከራይቶ ነበር።

እስከ መጋቢት ምንም ሳንሰማ ቆየን። መጋቢት ላይ ናጃህ ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሚኒባስ ቡታጅራ መነኸሪያ ወረደች። ከስታ ጉንጯ ገብቷል። እናቷ አላቀፏትም፤ መጀመሪያ በሁለት እጃቸው ፊቷን ይዘው ወደ ፀሐይ አዞሩና አዩ። ከዚያ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አሉ። እኔና ሀቢቡ ደግፈን አነሳናቸው።

ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ተቀምጠን ነገረችን። አሰሪዎቿ ስልኳን ነጥቀው የሲም ካርዷን መስመር አዘጉት፤ በነሱ ስም ነበር የወጣው። መጠለያ ስትገባ አዲስ ሲም ለማውጣት የመኖሪያ ፈቃድ ይጠየቃል፤ የላትም። አንዲት ከአገና ከተማ የመጣች የአገሯ ልጅ የኪራይ ቁጥር አሳየቻት። በቃሏ የያዘችው ስልክ የእናቷን ብቻ ስለሆነ ለማንም ሌላ መጻፍ አልቻለችም። ብሎክ ስትደረግ ሌላ ቁጥር ለመከራየት ለሳምንታት የሌሎቹን ልብስ ታጥብላቸው ነበር። ለዚህ ነው በወር በወር የምትመጣው። እኔ አቀርቅሬ የምንጣፉን ክር እቆጥር ነበር። «ብሎክ ያደረግኩሽ እኔ ነኝ» አልኳት። «አውቃለሁ፣ ኡሚ አትችልበትም» አለችኝ። ቂም ያለው አነጋገር አልነበረም፤ ቂም ቢኖረው ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወደ እናቷ ዞረች።

«ኡሚ፣ ስሞቹን ልኬልሽ ስልኩን ለቀጣይዋ እንደሰጠሁ ቢረዳ ትዝ አለኝ። ‹አንዴ መልሺልኝ፣ አንድ ስም ረስቻለሁ፣ ላስተካክል› ብዬ ለመንኳት፤ ተራዋ ነው፣ እምቢ አለች። ተሳስቻለሁና አያምኑኝም ብዬ ግድግዳ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ።» እናቷ ያወቋት በዚያው ስሕተት እንደሆነ ስነግራት «ባልረሳውስ ኖሮ?» አለች።

እትዬ ከድጄ አልዋሿትም። መዋሸት ይችሉ ነበር፣ ማንም አይፈርድባቸውም።

«ብሎክ አደርግሽ ነበር» አሉ።

 ናጃህ እናቷን ለረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ አንገቷን ደፍታ እንደ ልጅነቷ በጣቷ እየቆጠረች ጀመረች፤ «ኡበይድ፣ ሸምሱ፣ ኑሪ፣ ደልጋ፣ ቢ...»

እናትዬው መዳፋቸውን አፏ ላይ አደረጉ።

«እንዳትጨምሪው» አሉ። «እኔ በሕይወት እስካለሁ እንደዚያው ተይው።»